ወንበሩን ማን ያከፋፍል?

ከአንድ የሥነ ዜጋ መምህር

ባለፈው ኅዳር ለስምንተኛ ክፍል ስለ ምርጫ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ እማዬ ለወላጅ ኮሚቴ ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሁለቴም ወደቀች። ያገኘችው ድምፅ ግን ካለፉት ሰዎች ይበልጣል። እንዴት ነው?» አለችኝ። «ነገ እመልስልሻለሁ» አልኳት። በማግስቱም አልመለስኩላትም። ይህን ጽሑፍ ዘግይቶ እንደመጣ መልስ ትቁጠርልኝ።

አዲስ ለሆናችሁ ወላጆች ነገሩን ላስረዳ። የወላጅ ኮሚቴያችን ዘጠኝ ወንበር አለው። አምስቱ ለዋሄን አካባቢ፣ ሁለቱ ለጅግጅጋ የር፣ የቀሩት ሁለቱ ለሌሎች ሰፈሮች በሙሉ ናቸው። ክፍፍሉ ሲወጣ ማንም ክፉ አላሰበም። ያኔ አብዛኛው ቤተሰባችን ኑሮው ዋሄን ገበያ ዙሪያ ነበር፤ ሻይ የሚያፈላው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ምግብ ቤት የሚሠራው ሁሉ እዚያው ነበር። ከዚያ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. መጣ። ረመዳን ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው ገበያው ነደደ፤ 2 ሺህ ያህል ሱቅና መደብ ወደመ። የዚያን ሌሊት ጭስ እዚህ የነበርን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ሥራው የተቃጠለበት ሰው ቤት ኪራይ ወደ ረከሰበት ሰፈር ሄደ። የእኛ ወንበሮች ግን ባሉበት ቀሩ። እኔ በማስተምርበት አንድ ክፍል ካሉት 34 ተማሪዎች ዛሬ ዋሄን አካባቢ የሚኖሩት 7 ናቸው።

ስለዚህ የተማሪዋ እናት የወደቀችው ሰው ስላልመረጣት አይደለም። ሁለት ወንበር ላይ ብዙ ሰው ስለሚሻማ ነው። ዋሄን በኩል ደግሞ አምስት ወንበር ጥቂት ተወዳዳሪ ይጠብቃል።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ከመስከረም ምርጫ በፊት ወንበሮቹ እንደገና ይከፋፈሉ። የሚያከፋፍሉት ግን ዛሬ ወንበር ላይ ያሉትም፣ ነገ ሊቀመጡ የሚፈልጉትም አይሁኑ። በእናቴ ቤት ድፎ ዳቦ የቆረሰ ልጅ ድርሻውን የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነበር። ቢላዋ የያዘው ወንድሜ ያኔ እንዴት ተጠንቅቆ ይቆርስ እንደነበር ብታዩ!

ይህ የትንሽ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንደሚካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችንም ወሰን የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅና በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሚወስን ተጽፏል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰው የራሱን ክልል ራሱ አይቆርስም ማለት ነው። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ጊዜው ደርሶ ተራዘመ፤ እንደገናም ተራዘመ። ከዚያ ቆጠራ በኋላ የተወለዱ ልጆች 18 ዓመት እየሞላቸው ለመምረጥ ደርሰዋል፤ እነሱን የቆጠረ ግን የለም።

ተማሪዎቼ ሒሳቡን ሲሠሩት ክፍሉ ፀጥ አለ። ከተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች አዲስ አበባ 23 አላት። በቶጎ ጫሌ በኩል የምናልፍበት የሶማሌ ክልልም 23 አለው። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ፣ የሶማሌ ክልል ከ4.4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። ለአንድ ወንበር ሲካፈል አዲስ አበባ 119 ሺህ፣ ሶማሌ ክልል 193 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ሐረሪና ድሬዳዋ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወንበር አላቸው፤ በዚያው ቆጠራ ሐረሪ 183 ሺህ፣ ድሬዳዋ 341 ሺህ ሰው ነበራቸው። ሙሉ እኩልነት አይጠበቅም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ይጠብቃል። ቁጥሮቹም በጊዜው አከራክረዋል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ሒሳቡን ከመሥራቴ በፊት የተበደልነው እኛ መስሎኝ ነበር። አሁን የቱ ከተማ ምን ያህል እንዳደገ ሁላችንም በግምት ነው የምንናገረው።

በምንኖርባት ሶማሊላንድም ነገሩ ቀላል አልሆነም። መስከረም 19 ቀን 1998 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት የተመረጠው ምክር ቤት እስከ ግንቦት 2013 ዓ.ም. ድረስ ቆየ፤ ወደ 16 ዓመት መሆኑ ነው። ምርጫው ከተራዘመባቸው ምክንያቶች አንዱ 82ቱን ወንበር ስድስቱ ክልሎች እንዴት ይካፈሉት የሚለው ጭቅጭቅ ነበር። በመጨረሻም በአሮጌው ክፍፍል ተሄደ፤ ሐርጌሳ ያለችበት ክልል 20፣ ቶግዴር 15፣ አውዳል 13፣ ሱልና ሳናግ 12 12፣ ሳሂል 10። የሚገርመው በዚያው ጊዜ መራጩ የተመዘገበው ዓይኑ በካሜራ እየተነሳ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዲህ ተመዘገበ። ሰውየውን ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ተገኘ፤ የወንበሩ ድርሻ ግን እንደነበረ ቀረ። በዚህ ክርክር ውስጥ እኛ እንግዶች ስለሆንን አንገባም። ማየት ግን ይፈቀድልናል።

ሥራውን ከፖለቲከኞች እጅ ያወጡ ሰዎችም አሉ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኬቲ ፌሂ የምትባል የ27 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 የምርጫ ክልሎች እንደ ፓርቲዎች ጥቅም እየተቀደዱ መሠራታቸውን ማስቆም የሚፈልግ ካለ ብላ በፌስቡክ ጻፈች። በፌስቡክ ተገናኙ እንጂ ፊርማውን በፌስቡክ አላሰባሰቡም። በጎ ፈቃደኞች ወረቀት ይዘው ገበያ፣ ጎዳናና በዓል ላይ ቆመው ከ425 ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰቡ። በ2018 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠበት፤ ከመቶ 61 ያህሉ ደገፈ። ክልሎቹን የሚያሰምረው ኮሚሽን 13 ተራ ዜጎች ያሉበት ነው። የሚመረጡት በዕጣ ነው፤ ፖለቲከኞች፣ ባልና ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸውም አይገቡበትም። ይህም ሆኖ አልተሳሳተም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ዲትሮይት ዙሪያ ያሉ 13 ክልሎች የተሠመሩት በዘር ላይ ተመሥርቶ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሽሯቸዋል። ገለልተኛ መሆን ከስሕተት አያድንም። ስሕተቱ ለራስ ወንበር ሲባል የተሠራ አለመሆኑን ያሳያል፤ ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል።

በጥር ወር ከሦስት ወላጆች ጋር ሆነን በቴሌግራም የድጋፍ መፈረሚያ አዘጋጀን። በአራት ቀን 143 ስም ገባ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ጸሐፊዋ ከመዝገቡ ጋር ስታስተያየው ግን እዚህ ልጅ የሚያስተምረው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ከአዲስ አበባ የፈረመ አጎት አለ፤ ከሪያድ የፈረመች አክስት አለች፤ «የእማማ ልጅ» ብሎ የፈረመ አለ፤ አንድ አባት ደግሞ ከአንድ ስልክ ለራሱ፣ ለሚስቱና ለአማቱ ፈርሟል። ኮሚቴው አልቀበልም አለ። በጣም ተናደን ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ።

በመጋቢት ወረቀት ይዘን በር ላይ ቆምን። ልጆች ሲወጡ፣ ሦስት ከሰዓት፣ 58 ወላጅ ፈረመ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ግን እያንዳንዱ ሰው ቆሞ ጠይቋል፣ ተከራክሯል፣ ሁለቱም ደግሞ «አልስማማም» ብለው ትተውን ሄደዋል። አንዲት እናት እስክሪብቶውን ይዛ ቆየችና፣ «ይህ ወረቀት ማን እጅ ይገባል?» አለችኝ። ወረቀት ያልተሟላለት፣ የስደተኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነ ሰው ስሙ የትም ዝርዝር ላይ ባይወጣ ይመርጣል። እኛ ግን በጥር ወር እንደሷ ያሉትን ሰዎች ስም ማን ለማን እንደሚያስተላልፈው በማናውቀው ስልክ ላይ በትነን ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። እዚያው ተስማማን፤ የወላጅ ስም አይጻፍም፣ የልጁ ክፍልና ፊርማ ብቻ። ወረቀቱ ፎቶ አይነሳም፤ ቢሮ ውስጥ ይቆለፍበታል። ከዚያ በኋላ ፈረመች።

ስልኩን ጨርሰን እንጣል አልልም። ለመጠራራት፣ ስብሰባ ለማሳወቅ፣ ሒሳቡን ለሁሉም ለማሳየት የሚተካው የለም። ፊርማ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ የማከብራቸው አባት፣ «መምህር፣ በሰው አገር እንግዳ ሆነን ወንበር እንቆጥራለን? ሰውን አትከፋፍሉት» አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ትንሽ ማኅበር በትንሽ ነገር ይሰነጠቃል። ግን ጋሼ፣ እዚህ አገር ምርጫ ላይ አንሳተፍም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስትመርጥም ከውጭ አገር ድምፅ የሰጠ የለም። እኔና እርስዎ ወረቀት የምንጥልበት ሳጥን ይሄ የትምህርት ቤቱ ሳጥን ብቻ ነው። ማን ከክፍያ ነፃ ይማር የሚለውን የሚወስነው ይህ ኮሚቴ ነው። ሰርቪሱ በየት በኩል ይዙር የሚለውንም። ሰርቪሱ ዛሬም ዋሄንን ይዞራል፤ ከጅግጅጋ የር የሚመጡት ሕፃናት ፀሐይ ላይ በእግራቸው ይሄዳሉ። ኮሚቴው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ከዘጠኙ ሰባቱ ያንን መንገድ በእግሩ ሄዶት ስለማያውቅ ነው።

ሌላ ሰው ደግሞ ሰፈር ለምን ያስፈልጋል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይመረጥ ብሏል። አስቤበታለሁ። ያኔ ብዙ ቤተሰብ ያለው ሰፈር ዘጠኙንም ሊወስድ ይችላል፤ ጥቂት ልጆች ያሉት ሰፈር ጭራሽ ይረሳል። እኔ ሰፈሩ ይቅር አልልም፤ ቁጥሩ ይስተካከል ነው የምለው።

አሠራሩንም በደንብ እናውቀዋለን፤ ዕቁብ የጣለ ሰው ዕጣ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ፈቃደኛ ከሆኑ ወላጆች መካከል አምስት ሰው በሁሉም ፊት በዕጣ ይውጣ። የኮሚቴ አባልና የትዳር ጓደኛው አይግባ። አምስቱም በመስከረሙ ምርጫ አንወዳደርም ብለው ይፈርሙ። ጸሐፊዋ ስም የሌለበት፣ የተማሪ ቁጥር በየሰፈሩ ብቻ የሚያሳይ ዝርዝር ትስጣቸው። የማካፈሉን ሒሳብ ዘጠነኛ ክፍሎች እንሠራለን ብለዋል፤ ከመምህራቸው ጋር ተነጋግሬያለሁ። ክፍፍሉ በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይታይ፤ ቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር ሰፈር የምንቀይር ሰዎች ነን።

ኮሚቴው ጉዳዩን ለነሐሴ ስብሰባ አጀንዳ አድርጎ ይዞታል። ይቀበሉት አይቀበሉት ገና አልታወቀም። ለዕጣው ፈቃደኛ የሆነ ወላጅ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ጸሐፊዋ ዘንድ ይመዝገብ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ሰው አለን። ያቺ ተማሪ ያነሳቻት እናት አንዷ ናት። ዕጣው ከወጣላት በመስከረም አትወዳደርም፤ ይህን አውቃ ነው የተመዘገበችው።