ሕፃን ስንት ሰው ነው?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው መሸንቲን ያገኛል። ጠዋት ጠዋት ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣውን ሚኒባስ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሥራቸው በባሕር ዳር ሆኖ ቤት ግን በዚያ ያጡ እናቶችና አባቶች እንዳሉ ይረዳል። እነዚህ ሰዎች ወደ መሸንቲ የሄዱት ኪራዩ ስለሚቀል ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር ቤት ፈልጋችሁ በር ስታንኳኩ አከራዩ ከደመወዛችሁ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ልጅ አለ ወይ?» ብሎ ነው። አንድ ስትሉ ያስብበታል፤ ሁለት ስትሉ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ሦስት ካላችሁ ቤቱ ትናንት ማታ ተከራይቷል።

በአገራችን ከተሞች ስለ ቤት ሲነሣ የልጆችን ቁጥር አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አከራይ ነው፤ እርሱም የሚጠይቀው ለማስወጣት እንጂ ለማስገባት አይደለም። ቤት የሚያድለው መንግሥት ግን ጭራሹን አይጠይቅም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

በርግጥ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይም አከራዩ ባሻው ጊዜ እንዳይጨመር ደንግጓል። መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚጠብቀው የገባውን ተከራይ ነው፤ ከነልጆቹ ከደጅ የተመለሰውን አይደለም። እንግዲህ ልጆች ያሏቸው ድሆች የቀበሌን ቤት የሙጥኝ ብለው ቢይዙ ምን ይደንቃል? ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ስለ ልጅም የሚቈጣ አከራይ የለበትም።

ያንን ክፍል ገብቶ ላላየ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ፣ መስኮቱ ቢበዛ አንድ ነው። ወላጆች በአልጋው፣ አያት ወለል ላይ በተዘረጋ ፍራሽ፣ ልጆች በቆጡ ላይ ይተኛሉ። ቆጡ ከቆርቆሮው ሥር በጣውላ የተሠራ ነውና በበጋ እንደ ምጣድ ይግላል፤ በክረምት ይንጠባጠብበታል። ምግብ የሚበስለው ከመጋረጃው ማዶ ነው። ከሰል ከውጭ ተቀጣጥሎ ይገባል ይባላል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ጭሱ ለሕፃኑ ይቀራል። አንዱ ሲያስል ሁሉም ያስላል። የሳንባ ነቀርሳ እንዲህ ባለ ክፍል እንደሚዛመት ለማወቅ የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪ መሆን አያሻም። ቤቱ ደባል ያለበት ከሆነማ ሁለት ቤተ ሰብ በአንድ ክዳን ሥር ያድራል፤ የአንዱ ቤት ጠብ ለሌላው ቤት ልጅ የመኝታ ተረት ይሆናል። የስምንት ዓመት ልጅ የቤት ሥራዋን ለመሥራት ሌሎቹ እስኪተኙ ትጠብቃለች፤ ሌሎቹ ሲተኙ ደግሞ መብራቱ ይጠፋል።

ይህ ቤት ከየት መጣ? በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ ከዚያ የተረፈው ተወረሰ፤ ወርኀዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትም በቀበሌ እጅ ወደቁ። ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቶላት በፍጥነት ያደገች ከተማ ናትና እንጀራ ፍለጋ የመጣውን ሕዝብ የሚያስጠጉ የኪራይ ክፍሎች ነበሩባት። አዋጁ በጊዜው ለተከራዩ እፎይታ መሆኑን የሚክድ ሰው አብሮት የኖረውን ይጠይቅ። ይሁን እንጂ አዋጁ የነበረውን ቤት አከፋፈለ እንጂ ቤት አልወለደም። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ቆርቆሮ አይቀይርም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት ለማደስ ፈቃድ ይለምናል። ያን ጊዜ አንድ ባልና ሚስት የገቡበት ክፍል ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ ታቅፏል። ክፍሉ ግን ያው አንድ ነው።

ከዚህ ክፍል ወጥቶ ሰፋ ያለ ቤት የሚያገኝ ማን ነው? መንገዶቹን ፈልጌ ያገኘሁት ሦስት ነው። አንደኛው ዕጣ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት መርሐ ግብር ወደ ክልል ከተሞችም ወርዶ ነበር፤ በባሕር ዳርም ጥቂት ሕንፃዎች ቆመዋል። በክልል ግን ብዙም ሳይራመድ ቀረ። በአዲስ አበባ ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ ተመደበ፤ ኋላም ለመንግሥት ሠራተኞችና ለአካል ጉዳተኞች ተጨመረ፤ ተገቢ ነው። ስለ ልጆች ብዛት ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ይብስ ብሎ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ የክፍሉን ስፋት የሚወስነው ቁጠባው ሆነ። ለስቱዲዮ በወር 151 ብር፣ ለባለ ሦስት መኝታ 685 ብር ነበር። ለድሃ ድሆች የታሰበው 10/90 የተባለው ደግሞ ስቱዲዮ ብቻ ነበር። አምስት አፍ የሚመግብ አባት 685 ብር ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብቸኛው ሰው ሦስት መኝታ ሲመዘገብ ባለ አምስት ልጁ ስቱዲዮ ይመዘገባል። ዕጣው ቢወጣለትም ከአንድ ክፍል ወደ አንድ ክፍል ነው፤ ትርፉ ደረጃ መውጣት ነው።

ሁለተኛው መንገድ መፍረስ ነው። በልደታ፣ ኋላም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ እንደታየው ሰፈሩ ለልማት የተፈለገበት የቀበሌ ተከራይ ተለዋጭ ቤት ይሰጠዋል። ቤቱ በመጨናነቁ ሳይሆን መንገድ ስለመጣበት ማለት ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው፣ እናቲቱ ከዕድሯ ተነቅለው ሩቅ ዳር ይወድቃሉ፤ እንዲያም ሆኖ «መንገድ ያገኘው» ተብሎ የሚቀናበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ሦስተኛው፣ የቤት ሥራ ማኅበር፣ ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ለሚያስይዝ ነውና እዚህ አያቆየንም። የጨረቃ ቤትንም አልቈጠርኩም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይፈርሳል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ የቤት ሕግ «መጨናነቅ» ማለት ምን እንደሆነ በቁጥር ደነገገ። አንድ ክፍል ለ2 ሰው፣ ሁለት ክፍል ለ3፣ ሦስት ክፍል ለ5 ሰው ነው አለ። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይቈጠርም፤ ከ1 ዓመት በላይ ሆኖ 10 ያልሞላው ግማሽ ሰው ተብሎ ይቈጠራል። ይህ ልክ ዛሬም በሕጋቸው ውስጥ አለ፤ ሕፃንን ግማሽ ማለት ምን ዓይነት ስስት ነው እያሉ የሚነቅፉትም የራሳቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ በተነቀፈው ልክ እንኳ አባትን፣ እናትን፣ አያትን፣ የ8 እና የ5 ዓመት ልጆችንና የሰባት ወር ጨቅላን ብንመዝናቸው አራት ሰው ይሆናሉ፤ የተፈቀደውን እጥፍ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ደግሞ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ሲኖር መጨናነቅ ይለዋል። የእነርሱ ሕግ ቤት አትረፍርፏል አልልም፤ እዚያም ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ነገር ግን ተራው ሲደርስ የተጨናነቀው ቤተ ሰብ ቅድሚያ አለው። የእኛ ሕፃን ግን ግማሽም አልሆነ።

«ቤት በልጅ ቁጥር ከታደለ ሕዝቡ ለቤት ሲል ይወልዳል፤ የእኅቱንም ልጅ የእኔ ነው ብሎ ያስመዘግባል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ለሁለተኛው የልደት ምዝገባና የትምህርት ቤት መዝገብ መልስ ይሰጣል። ለመጀመሪያው፣ ለአንድ ክፍል ብላ ዘጠኝ ወር የምታረግዝ ሴት እኔ አላየሁም። «ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚለው ግን ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። አዲስ ቤት መሥራት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ቅያሪ ግን አይፈጅም። በዚያው ቀበሌ ልጆቻቸው ተድረው ወጥተው ሦስት ክፍል ይዘው ብቻቸውን የቀሩ እማማ ቢኖሩ፣ አጠገባቸውም ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩ ካሉ፣ መለዋወጥ የሚቻልበት ሥርዓት ለምን አይኖርም? በፈቃድ መሆን አለበት፤ በዚያው ሰፈር፣ ከዚያው ዕድር ሳይርቁ፣ የሚገቡበትም ክፍል አስቀድሞ ታድሶ። እማማን በግድ ማንሣት ሌላ ግፍ ነው። ዛሬ ግን ማን ስንት ክፍል ይዞ ከስንት ሰው ጋር እንደሚኖር የተጻፈበት መዝገብ ሳይኖር ስለ ቅያሪ ማውራት አይቻልም።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ የታጎሩትን ድሆች ሄደው በዓይናቸው አይተው ጮኹላቸው። እኛ የምንጠየቀው ከዚያ የቀለለ ነው፤ እርሳስና ደብተር ይዞ በር ማንኳኳት። የጂኦግራፊ ተማሪዎች ካርታውን፣ የሕግ ተማሪዎች የውሉን ነገር፣ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች መጠይቁን ያዘጋጁ፤ እኛ የአርትስ ተማሪዎች ጽሕፈቱን እንችላለን። ስንት ክፍል፣ ስንት ሰው፣ ዕድሜያቸው ስንት፣ ከዚህ ሌላ አይጠየቅም፤ ስምም አይጻፍም። ከአንድ የባሕር ዳር ቀበሌ ጀምሮ ቀጥሎ መሸንቲ ያሉትን ተከራዮች፣ በተለይ በልጅ ምክንያት ከባሕር ዳር የተመለሱትን መቍጠር ነው። ውጤቱ ለከተማው ምክር ቤት በጽሑፍ ይግባ፤ ከቅያሪው ሐሳብ ጋር፣ በዕጣም ሆነ በማኅበር ለሚሰጥ ቤት የልጆች ብዛት ነጥብ እንዲኖረው ከሚጠይቅ አቤቱታ ጋር። ለመጀመሪያው ቀበሌ አሥር ሰው ይበቃል። ፈተና ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት ለመጀመር የሚፈቅድ ስሙንና ዲፓርትመንቱን በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፍ።