ጉግል ስለ አዊ ሲጠየቅ ማን ነው የሚመልሰው?

ትንታኔ | እንጅባራ፣ ዳንግላ

እስኪ ስልካችሁን አውጡና ጉግል ላይ «እንጅባራ ሆቴል» ብላችሁ ፈልጉ። ቀጥሎ «ዘንገና ሐይቅ»፣ ከዛ «የአገው ፈረሰኞች በዓል» በሉ። ከሚመጣላችሁ መልስ ውስጥ የሆቴሉ ባለቤት፣ አስጎብኚው ወይም የዞኑ መሥሪያ ቤት ራሱ የጻፈው ስንቱ እንደሆነ ቁጠሩ።

ይሄ የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ አይደለም፣ የገበያ ጉዳይ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ለማየት ወደ እንጅባራ የሚመጣ እንግዳ ከመነሳቱ በፊት ይጠይቃል። የት አድራለሁ? መንገዱ እንዴት ነው? ዋጋው ስንት ነው? ድሮ ዘመድ ነበር የሚጠየቀው፣ አሁን ስልክ ነው። ከባለቤቱ መልስ ካላገኘ ደላላ ይመልስለታል። ወይ ደግሞ ባሕር ዳር አድሮ ለቀኑ ብቻ መጥቶ ይመለሳል፤ ገንዘቡም አብሮት ይመለሳል።

«ፌስቡክና ቴሌግራም አለን፣ አይበቃም?» የሚል ብዙ ነው። ለዕለት ወሬ ይበቃል። ግን ፌስቡክ ላይ የለጠፍነው ነገር በሳምንቱ ከሥር ይቀበራል፣ ጉግልም አብዛኛውን አያነበውም። ገጹ ቢጠለፍ ወይም ቢዘጋ የዓመታት ሥራ በአንድ ቀን ይጠፋል። የራስ ድረ ገጽ ላይ በደንብ የተጻፈ አንድ ገጽ ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ጠያቂ ሲመጣ ይመልሳል።

ሌላው ችግር የፎቶ ማስታወቂያ ነው። የክፍት ሥራ መደብም ሆነ ጨረታ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በስልክ ይነሳና ይለጠፋል። ለሰው ዓይን ግልጽ ነው። የፍለጋ ማሽን ግን በዋናነት የሚያነበው የተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ በፎቶ ውስጥ ያለ አማርኛ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ትክክለኛው ማስታወቂያ በፍለጋ ካልተገኘ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞላው አጭበርባሪ ነው። «ሥራ አለ፣ መመዝገቢያ ላኩ» የሚል የሐሰት ገጽ ሲመጣ ወጣቱ ከምን ጋር ያመሳክረው?

አጻጻፋችንም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እንጅባራን አንዱ «እንጅባራ»፣ ሌላው «እንጂባራ» ይላል፣ በድሮ ስሙ «ኮሶበር» የሚለውም አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በ«አይ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኢ»። ዳንግላም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ መሀል ላይ «አይ» ያስገባል፣ ሌላው ይተዋል። ቋንቋውን አንዱ አዊኛ፣ ሌላው አገውኛ፣ ሌላው አውንጊ ይለዋል። «ሐይቅ» እና «ሀይቅ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን «ሐ» እና «ሀ» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ጉግል አንዳንዱን ያዛምዳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በገጹ ላይ ዋናውን አጻጻፍ በርዕሱ መጠቀም፣ ሌሎቹን ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ በተፈጥሯዊ መንገድ ማንሳት።

ይህ ሁሉ በሙያው ቋንቋ ድረ ገጽን ለፍለጋ ማመቻቸት ይባላል። ስሙ ከባድ ስለሚመስል የሚሸጥበትም አለ። «ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ጉግል ራሱ በግልጽ እንደሚለው አንደኝነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም። በክፍያ የሚገኘው ማስታወቂያ ነው፤ እሱም «ስፖንሰር የተደረገ» የሚል ምልክት አለው፣ ክፍያው ሲቆም ይጠፋል። ከገጹ ጀርባ መቶ ቁልፍ ቃል መደርደርም አይጠቅምም። ጉግል ያንን የቁልፍ ቃል ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው በፈረንጆቹ 2009 ነው።

ታዲያ አንድ የእንጅባራ ሆቴል ወይም የዳንግላ ነጋዴ ምን ያድርግ?

1. ከሁሉ በፊት በጉግል ካርታ ላይ ድርጅቱን በስሙ ያስመዝግብ። ነጻ ነው። ስልክ፣ የሥራ ሰዓትና ፎቶ ይሙላ፤ ሲቀየርም ያድስ።

2. ድረ ገጽ ካለው ለእያንዳንዱ ገጽ የተለየ ርዕስ ይስጥ። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ርዕስ ማንም አይፈልግም። «በእንጅባራ ከተማ የመኝታ ክፍሎች እና ዋጋ» የሚለውን ግን የሚፈልገው አለ።

3. ዋጋና አድራሻ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይቀመጥ።

4. ገጹ ቀላል ይሁን። አብዛኛው ጎብኚ በስልክ ነው የሚገባው፣ ዳታውም ውድ ነው። ጉግልም ገጹን የሚመዝነው በስልክ በሚታይበት መልኩ ነው። ግዙፍ ፎቶ ከመጫኑ በፊት መጠኑን ይቀንስ።

5. የጉግል «ሰርች ኮንሶል» የሚባለውን ነጻ መሣሪያ ያስገባ። ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንደመጣ፣ የትኛው ገጽ እንዳልተመዘገበ ያሳየዋል።

6. የድረ ገጹ ስም በማን እንደተመዘገበ ያረጋግጥ። በሠራተኛው ወይም በሠሪው ስም ከተመዘገበ ሰውየው ሲሄድ አድራሻውም አብሮ ይሄዳል። በየጊዜው ካልታደሰም ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። «ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» ቢባል ጥያቄው እውነት አለው። ግን ፌስቡክ ላይ የሚሠራ ሰው መስመር ሲቋረጥ አዲስ ነገር መለጠፍ አይችልም። ድረ ገጽ ግን የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ እንጅባራ ኔትወርክ ባይኖርም አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ላለ ሰው ይከፈታል። ቢያንስ ስልክ ቁጥሩና አድራሻው ይገኛል። ሰላም ሳይኖር ቱሪስት አይመጣም፣ ይሄን ጉግል አይፈታውም። ሰላም ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚገኘው ቀድሞ የተጻፈው ነው።

ከዚህም ያለፈ ነገር አለ። በዳንግላ ለዓመታት የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ያሳተመው በፈረንጆቹ 1936 ነው። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላም ስለ አካባቢው የሚጽፍ ተመራማሪ እሱን ይጠቅሳል። ለምን? ስለጻፈ ነው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መልስ የሚሰጠው በኢንተርኔት ላይ ከተጻፈው ለቅሞ ነው። ስለ ዘንገና፣ ስለ ፈረሰኞቹ፣ ስለ ቀርከሃው የአካባቢው ሰው ካልጻፈ ማሽኑ ዝም አይልም፤ ከሌላ ሰው የሰማውን ይናገራል።

ዞኑ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲና ነጋዴው ቢተባበሩ ብዙ ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች በክረምት አምስት አምስት ድርጅት ይዘው ካርታ ላይ ቢያስመዘግቡና አንድ አንድ ገጽ ቢጽፉላቸው ለሚቀጥለው ጥር 23 ይደርሳል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ድርጅታችሁን ጉግል ላይ ስትፈልጉ ምን አገኛችሁ? በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ለሚጠቅመው ነጋዴም አጋሩት።