የግድያ ሴራ ፊልሞችና የተመልካቹ ፍርድ

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ባሉ ቡና ቤቶችም ሆነ ከእንጦጦ ጋራ ባሻገር ባሉ የገበሬ ቤቶች፣ የፖለቲካ ግድያ ሴራን የሚተርክ ፊልም ሲያልቅ የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» የፍቅር ፊልም የተመለከተ ሰው ስለ ተዋናዮቹ ብቃት ይጨዋወታል። የሴራ ፊልም የተመለከተ ግን ወዲያው ወደ አገሩ ጉዳይ ይሻገራል፤ ማን ማንን እንዳስገደለ፣ ማን እንደ ሸፈነ፣ ማን እንደ ተጠቀመ ያሰላስላል። ይህ የተመልካች ጠባይ እንደ ተራ ጨዋታ ሊታለፍ አይገባውም። በአገራችን የባለሥልጣናትና የታዋቂ ሰዎች ግድያ የፊልም ፈጠራ ሳይሆን የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። በመሆኑም ሕዝቡ ስለ ሴራ የሚያምነው ነገር በማግሥቱ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር እስከ መወሰን ይደርሳል።

ሦስቱ የተመልካች ወገኖች

በእንዲህ ያሉ ፊልሞች ላይ የሚሰነዘሩ አስተያየቶች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ፊልም መዝናኛ ብቻ ነው ባይ ነው፤ ልብ ሰቅሎ ካቆየና መጨረሻው ካልተገመተ ሥራውን እንደ ፈጸመ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ወገን መንግሥታት የደበቁትን የሚገልጠው ፊልም ነው ብሎ ያምናል፤ ለእርሱ ከመርማሪ ኮሚሽን ሪፖርት ይልቅ የዳይሬክተሩ ትረካ ይታመናል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ያለ ፊልም የደረቀ ቁስል ከመቀስቀስ በቀር ፋይዳ የለውም፣ ቢቀር ይሻላል ይላል።

ሦስቱም ወገኖች በከፊል ልክ ናቸው፤ ሦስቱም በከፊል ይሳሳታሉ። ይህን ለመመዘን በፊልምና በእውነተኛ ግድያ መካከል የተፈጠሩ ጥቂት የታወቁ ግንኙነቶችን መመልከት ይጠቅማል።

መዝገብ ያስከፈተው ፊልም

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 በዳላስ ከተማ ተገደሉ። ጉዳዩን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1964 ገዳዩ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ብቻውን እንደ ሠራው ደመደመ። የአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ከግድያው ጀርባ ሴራ ሳይኖር አይቀርም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ሁለት የመንግሥት አካላት የተለያየ ቃል ሲሰጡ በመካከል የቀረው ሕዝብ ጥርጣሬውን ይዞ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ዳይሬክተሩ ኦሊቨር ስቶን «ጄ ኤፍ ኬ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ፊልሙ ሲወጣ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «በመጨረሻ እውነቱ ተነገረ» አለ፤ ሌላው ደግሞ ዳይሬክተሩ እውነተኛ የተቀረጸ ምስልን ከራሱ ቅንብር ጋር ቀላቅሎ ተመልካቹን አሳስቷል ሲል ወቀሰው። ሆኖም የክርክሩ ውጤት በሕግ ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ የግድያው ሰነዶች ተሰብስበው ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ የሚያዝ ሕግ አወጣ። በዚህ ረገድ ሁለተኛው ወገን ልክ ነው፤ ፊልም የተዘጋ መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል።

ነገር ግን የዚሁ ፊልም ሌላ ገጽ አለ። ፊልሙ በሴራው ውስጥ እጁ አለበት ብሎ የሚያሳየው ክሌይ ሾው የተባለ ነጋዴ በእውነተኛው ዓለም ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ኦርሊንስ ፍርድ ቤት በነፃ የተሰናበተ ሰው ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሞተ በፊልሙ ለቀረበበት ነገር መልስ መስጠት አልቻለም። ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበተውን ሰው የሲኒማ አዳራሽ መልሶ ፈረደበት ማለት ነው። እንግዲህ መዝገብ ማስከፈት አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ፊልም የመጀመሪያውን ሊያደርግ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ሥልጣንም ማስረጃም የለውም።

ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ

ተመልካቾች ፊልምን ለመጣል ከሚያነሧቸው ምክንያቶች አንዱ «ገንዘቡን ማን አወጣ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «የበረሃው አንበሳ» የተሰኘ ፊልም የሊቢያውን አርበኛ ኦማር ሙክታርንና የጣሊያኑን ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒን ታሪክ ያቀርባል። ወጪውን የሸፈነው የሙአመር ጋዳፊ መንግሥት ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ፕሮፓጋንዳ ነው አሉት፤ ጣሊያን ውስጥም የሠራዊቱን ክብር ይነካል ተብሎ ለዓመታት ሳይታይ ቆይቶ በአገሪቱ ቴሌቪዥን የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ይሁን እንጂ ግራዚያኒ በሊቢያ የሕዝብ ማጎሪያ ሰፈሮችን ማቋቋሙ፣ ኦማር ሙክታርም እ.ኤ.አ. በ1931 በስቅላት መገደሉ በታሪክ የተረጋገጠ ነው። ገንዘብ ያወጣው ወገን ዓላማ ያለው መሆኑ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሐሰት አያደርገውም። የከፋዩን ማንነት ማወቅ ተመልካቹን ጠንቃቃ ሊያደርገው ይገባል እንጂ ከማጣራት ሊያሳርፈው አይገባም።

ስድስት ኪሎና ደብረ ሊባኖስ

ይኸው ግራዚያኒ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የጣሊያን ልዑል ልጅ መወለዱን ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ሥፍራ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምቦችን ወርውረው ግራዚያኒን አቆሰሉት። ሾፌሩ ስምዖን አደፍርስ ሁለቱን ወጣቶች በመርዳቱ ተይዞ በሥቃይ ሞተ። አብርሃና ሞገስም ከከተማዋ አምልጠው ቆይተው ወደ ሱዳን ሲያመሩ በመንገድ ተገደሉ። ይህ የአገራችን ሰው በኩራት የሚያነሣው እውነተኛ የግድያ ሙከራ ነው። ታሪክ አጥኚው ኢያን ካምቤልም በመጽሐፉ ሴራው ከሁለቱ ወጣቶች የሰፋ እንደ ነበር ይከራከራል።

ለዛሬው ክርክራችን ግን ከሙከራው ይልቅ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። በሦስት ቀናት ውስጥ በአዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ አስታወቀ፤ ካምቤል በበኩሉ ወደ 19 ሺህ ይገምተዋል። በግንቦት ወር ደግሞ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት በሴራው ተባባሪ ናቸው ብሎ እንዲገደሉ አዘዘ። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ሪፖርት የተገደሉትን 449 ሲያደርስ፣ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩ ከሺህ እንደሚያልፍ አሳይተዋል።

ቦምብ የወረወሩት ጥቂት ሰዎች ሆነው ሳለ ቅጣቱ በገዳም፣ በሰፈርና በቤተሰብ ላይ ወረደ። ሴራው እውነት ነበር፤ ሴራው ተስፋፍቶ የተተረከበት መንገድ ግን ንጹሐንን ማጥፊያ ሆነ። በማንኛውም የሴራ ትረካ ውስጥ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የጥቂቶች ድርጊት የአንድ ወገን ሁሉ ወንጀል ተደርጎ ሲቆጠር።

ከፍርድ በፊት የቀረቡ ፊልሞች

በቅርብ ዘመናችንም የሴራ ፊልም ከሲኒማ ቤት ውጭ ታይቷል። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «አኬልዳማ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አቀረበ። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጀሃዳዊ ሐረካት» ተከተለ። ሁለቱም የሽብር ሴራን እናጋልጣለን ብለው የተነሡ ሲሆኑ በፊልሞቹ የተነሡ ሰዎች ጉዳይ በዚያን ጊዜ ገና በፍርድ ቤት የተያዘ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በፖለቲካ ጉዳይ የታሰሩ ብዙ ሰዎች ሲፈቱ፣ በእነዚህ ፊልሞች ዙሪያ ስማቸው የተነሣ ሰዎችም ከእስር ወጥተዋል።

ፊልሞቹን ያየው ሕዝብ በሁለት ጎራ ቆሞ ነበር። ያመነ አምኗል፤ ያላመነው ደግሞ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለ እውነተኛ አደጋ የሚነገረውንም አላመነም። ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ቀበሮ መጣ ብሎ አንድ ጊዜ በከንቱ የጮኸ እረኛ ቀበሮው በመጣ ቀን የሚደርስለት አያገኝም። የዜና ተቋማት ገና ያልተፈረደበትን ሰው በሴራ ፊልም ሲያቀርቡ የሚያጡት ይህንኑ የሕዝብ አመኔታ ነው።

የመረጃ ክፍተትና ወሬ

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በመስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ፖሊስ የምርመራውን ውጤት አስታውቆ አሟሟታቸው ራስን ማጥፋት ነው ያለው ጳጉሜን 2 ቀን ነበር። በመካከል ባለፉት ስድስት ሳምንታት በየሰፈሩ የራሱን ፊልም ያልሠራ አልነበረም ማለት ይቻላል። መግለጫው ሲወጣ ብዙው ሰው አስቀድሞ የራሱን ድምዳሜ ይዞ ነበርና ለመቀበል ተቸገረ።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አቶ እዘዝ ዋሴና አቶ ምግባሩ ከበደ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገድሎ በተከተለው ሁከት ከመቶ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሁለቱም ክስተቶች በኋላ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። የተረጋገጠ ዜና በሚዘገይበት ጊዜ ወሬ አይዘገይም፤ በስልክና በገበያ መንገድ ይደርሳል፤ ገዳዩንም አስገዳዩንም በብሔር ስም ጠርቶ ይደርሳል።

አባቶች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እስኪነጋ ድረስ ባለው ጨለማ ሰው እንዳይሞት መጠበቅ የእኛው ኃላፊነት ነው።

ተመልካቹ እንዴት ይፈትሽ

ዘር የሚገዛ ጠንቃቃ ገበሬ የከረጢቱን ጽሑፍ ብቻ አያምንም። መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለጥቂት ቀናት ያቆያል፤ ከዚያም የበቀለውን ይቆጥራል። የበቀለው ጥቂት ከሆነ ማሳውን አያስይዘውም። ዘሩን ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ አይጥልም፤ ሁሉንም አምኖ አይዘራም። የሴራ ፊልምም በዚሁ ልክ መፈተሽ ይገባዋል፤ ለፍተሻውም አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ በስሙ የተጠራው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈርዶበታልን? ካልተፈረደበት ፊልሙ ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚታየው ምስል በጊዜው የተቀረጸ ነው ወይስ በተዋንያን የተቀናበረ? የውጭ ፊልሞች በአንድ ተራኪ ድምፅ ወደ አማርኛ ተመልሰው በሚታዩበት ቤት ደግሞ ከተራኪው የተጨመረውን ከፊልሙ መለየት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ወጪውን ማን ሸፈነ፣ ለምንስ ዓላማ? አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ትረካው ከአድራጊዎቹ ግለሰቦች አልፎ አንድን ብሔር፣ አንድን ሃይማኖት ወይም አንድን ሰፈር በጅምላ ይከስሳልን? ለዚህ መልሱ «አዎን» ከሆነ ተመልካቹ ደብረ ሊባኖስን ያስታውስ።

ለፊልም ሠሪዎችም ድርሻ አለ። የተመልካች ሦስተኛው ወገን እንደሚለው ዝም ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ ያልተነገረ ታሪክ በወሬ ይነገራልና። የሚያስፈልገው የታወቀውን ከተገመተው ለይቶ ማሳየት፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ማሰብ ነው። የምርመራና የፍትሕ አካላት በበኩላቸው የምርመራ ውጤትን በወቅቱ፣ ከነማስረጃው ለሕዝብ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። የቦታው ባለቤት ባዶውን የተወው ማሳ አረም እንደሚበቅልበት ሁሉ፣ መልስ ያላገኘ የግድያ መዝገብም ትረካ ይበቅልበታል፤ የበቀለውን ትረካ የሚያጭደው ግን ብዙውን ጊዜ ከጉዳዩ ምንም ንክኪ የሌለው የገጠርና የከተማ ነዋሪ ነው።

ስለዚህ በየካ አባዶም ሆነ በየትኛውም የገጠር ቀበሌ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚነሣው «እውነት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጤናማ ጥያቄ ነው፤ ሊበረታታም ይገባዋል። አደጋ የሚሆነው ተመልካቹ መልሱን ሳያጣራ፣ በዚያው ምሽት ጥፋተኛውን ከጎረቤቶቹ መካከል መፈለግ የጀመረ እንደሆነ ነው።