ሽቦው የማያሳየው ብክነት

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከማገዶና ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ ለምናደርገው ሽግግር ግን ማመንጨት ብቻውን አይበቃም፤ ኃይሉ ለተጠቃሚው መድረስ፣ ዋጋውም በአግባቡ መተመንና መሰብሰብ አለበት።

በፊዚክስ ክፍል እንደምናስተምረው፣ ያው ኃይል በዚያው መስመር በእጥፍ ቮልቴጅ ሲተላለፍ በሙቀት የሚባክነው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሌላው ብክነት ግን በዚህ ቀመር አይገኝም፤ ያለ ቆጣሪ የተወሰደ፣ ሳይነበብ የታለፈ ወይም በግምት የተመዘገበ ኤሌክትሪክ ነውና። እርሱን የሚገልጠው የሒሳብ መዝገብና ተጠያቂነት ነው።

በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሥርጭትና ሽያጭ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ኃይል ሊለካና ሊተመን ግድ ነው። ታሪፍ ማንበብ የማይችል መሐንዲስ ወይም ስለ ትራንስፎርመር የማያውቅ የሕግ ባለሙያ ይህን ሥራ ብቻውን ሊመራው አይችልም።

ስለዚህ የፊዚክስ፣ የምጣኔ ሀብትና የሕግ ትምህርት ክፍሎች አንድ የጋራ ኮርስ ይስጡ እላለሁ። የመጀመሪያው የቤት ሥራም የግቢያችንን ቆጣሪ በየወሩ አንብቦ ከተከፈለው ሒሳብ ጋር ማመሳከር፣ ውጤቱንም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይሁን። መልካም አስተዳደር የሚጀምረው በትክክል ከተለካና ለሁሉም ከተገለጠ ቁጥር ነው።