የጀልባ ምርጫ ከሐይቁ ይጀምር

ከዲላ በስተምዕራብ የሚገኘው አባያ 1,160 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ከጣና ቀጥሎ የአገሪቱ ሰፊ ሐይቅ ነው። ወጣቶችን በዓሣ ማስገር ለማደራጀት የሚነሳ ወረዳ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ጀልባ ነው። ጥያቄውን በዋጋ ብቻ መመለስ ግን አያዋጣም።

በአየር የሚነፋ ጀልባ ጥቅም አለው። ተጣጥፎ ይጫናል፤ መኪና በማይደርስበት ዳርቻ በሸክም ይወሰዳል፤ ውኃ ቢገባበትም ቶሎ አይሰጥምም። በሌላው ዓለም ጥርት ባለ ባሕር ውስጥ ጠልቀው ዓሣ በጦር የሚወጉ ሰዎች የሚመርጡትም ለዚህ ነው። የአባያ ውኃ ግን ከደለል ብዛት ቀይ ቡናማ በመሆኑ ጠልቆ ዓሣ ማየት ያስቸግራል፤ አዞና ጉማሬም አሉበት። እዚህ ሥራው በመረብና በመንጠቆ ነው። የቆሮሶ እሾህ፣ መንጠቆና ቢላዋ ደግሞ የሚነፋ ጀልባ ጠላቶች ናቸው። የአዞ ጥርስ ካገኘውማ አደጋው የሰው ሕይወት ነው።

ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ማስገር ከእንጨት ወይም ከፋይበር ግላስ የተሠራ ጀልባ ሊቀድም ይገባል። የሚነፋው የግድ ከሆነ የአየር ክፍሎቹ ከሦስት ያላነሱና የተለያዩ፣ ወለሉ ጠንካራ፣ ፓምፕና መለጠፊያ ያለው ይሁን። ከዳርቻ አይራቅበት፤ ነፋስ ሲነሳም አይወጣበት። የትኛውም ጀልባ ቢገዛ ለእያንዳንዱ አስጋሪ የነፍስ አድን ጃኬት በግዥው ዝርዝር ይካተት።

በብድር የተገዛ ጀልባ ቢቀደድ ዕዳው አብሮ አይቀደድም። የጨረታ ሰነድ ከመውጣቱ በፊት ሐይቁን የሚያውቁት አስጋሪዎች ይጠየቁ።