የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ገጾች፦ ከማስታወቂያ ሰሌዳነት ወደ መልስ ሰጪነት

ደሴ፦ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በማኅበራዊ ትስስር ገጽ የሚያወጡት የምዝገባ ማስታወቂያ በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ለሚኖር ወላጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ ይችላል። በዚያው በደቡብ ወሎ ዞን በለጋምቦ ወይም በኩታበር ገጠር ቀበሌ የሚኖርና ዘመናዊ ስልክ የሌለው ወላጅ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊሰማው ይችላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ በኢንተርኔት መከናወን ከጀመረ ወዲህ መዘግየቱ የአንድ ዓመት ዕድል ሊያሳጣ የሚችል ጉዳይ ሆኗል።

በትምህርት ዘርፍ ቴክኖሎጂን መጠቀም አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ የተዘረጋው ወረዳኔትና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በዋናነት ከማዕከል ወደ ታች የሚወርዱ ነበሩ። ዛሬ በርካታ የመንግሥት ተቋማት የከፈቷቸው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾችም በአብዛኛው ይህንኑ ልማድ ተከትለዋል። የስብሰባና የጉብኝት ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ከሥሩ የቀረበው የወላጅ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም።

ሕጉ የሚጠይቀው ከዚህ የላቀ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ስለ ሥራቸው መረጃ አስቀድመው እንዲያሳውቁ፣ ለቀረበላቸው የመረጃ ጥያቄም በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጡ ያስገድዳል።

በአንጻሩ በገጽ ላይ ብቻ መደገፍም አደጋ አለው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም የተሰጠው ትምህርት የደረሰው መሣሪያውና መብራቱ ላላቸው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ወቅትም ሆነ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ከገጽ ውጪ ሌላ መንገድ ያላዘጋጀ ጽሕፈት ቤት ወላጆችን ማግኘት አዳጋች ይሆንበታል።

ስለሆነም አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ በገጹ፣ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፣ በተማሪው እጅ በሚላክ ደብዳቤና በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል እንዲተላለፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በወሎ ሕዝቡ የሚሰባሰብባቸው ቅሬዎች፣ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናትም መልእክቱን ለማድረስ አመቺ ናቸው። ለገጹም ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በስም ሊመደብለት ይገባል። የገጹ ውጤታማነት ሊለካ የሚገባውም በተከታዮቹ ብዛት ሳይሆን መልስ ባገኙት ጥያቄዎች ነው።