ጓደኛ ሆነን እንቀጥል?

«ፍቅሩ ይቅር፤ ጓደኛ ሆነን እንቀጥል» ማለት በወጣቶቻችን ዘንድ የብስለት ምልክት ሆኖ ከተቆጠረ ሰነባብቷል። እሺ ያላለ ቂመኛ ይባላል። እኔ ግን ይህ ግብዣ ጭካኔ ነው እላለሁ፤ የኢሉባቦሯን መቱን በመሰለ ትንሽ ከተማ ደግሞ ጭካኔው ይብሳል።

እስቲ ማን እንደሚናገረው ልብ እንበል። አብዛኛውን ጊዜ ጥሎ የሚሄደው ነው። ጸጸቱ ይቀልለታል፤ ሲከፋው የሚያዋየው ሰው አያጣም፤ ከተማውም «ከዳት» አይለውም። የተተወችው ግን ተስፋዋን አልቆረጠችም። ማታ ማታ ቴሌግራም ከፍታ መቼ እንደገባ ታያለች፤ «እንዴት ዋልሽ» ያላትን ደጋግማ ታነባለች። እሱ ሌላ ሲይዝ እንኳን ደስ ያለህ ማለት ይጠበቅባታል፤ ካለቀሰችም «ጓደኛ ነን ተባብለን አልነበር?» ትባላለች። ወንዱ የሚተውበትም ብዙ ነው፤ ሕመሙ ያው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሰፈር ቀይሮ መጥፋት ይቻላል። መቱ ላይ ከበደሌ መጥቶ ወደ ጎሬና ጋምቤላ የሚያልፈው መንገድ የከተማዋም ዋና ጎዳና ነው፤ የሸሹትን ሰው እዚያው ያገኙታል። በመቱ ዩኒቨርሲቲ ግቢማ ከቤተሰቡ ርቆ የመጣ ልጅ መመገቢያውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ጓደኞቹም ከተለየችው ልጅ ጋር የጋራ ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው የሚያስፈልገው እፎይ የሚልበት ርቀት ሆኖ ሳለ፣ በጓደኝነት ስም ያችኑ ርቀት እንነፍገዋለን።

«ከተማው ትንሽ ስለሆነ እኮ ነው፤ ተኳርፎ መኖር አይቻልም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አይቻልም። ግን በጓደኝነትና በጠላትነት መካከል አገራችን ሰፊ ቦታ አላት። በኢሉባቦር ከተሞች የተፋቱ ሰዎች በአንድ እድር ይኖራሉ፤ ለቅሶ ይደራረሳሉ፤ መንገድ ላይ «ደህና ነህ?»፣ «አካም ጂርታ?» ተባብለው ይተላለፋሉ። ምስጢር ግን አይካፈሉም። ይህ ሰላምታ ክብር አለው፤ ማንንም አያታልልም።

ልጅ ያላቸው በትምህርት ቤቱም በሕመሙም ጉዳይ መነጋገር ግዴታቸው ነው፤ እሱ ግን ወላጅነት እንጂ ጓደኝነት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ እንኳ በስምምነት ለመፋታት የሚመጡ ባልና ሚስት ስለልጆቻቸውና ስለንብረታቸው የተስማሙበትን ለፍርድ ቤት እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ምን እንዳበቃና ምን እንደሚቀጥል ይታወቃል። ያልተጋቡ ወጣቶች ይህን ግልጽነት የሚነፈጉበት ምክንያት አይታየኝም። የሚሄደው ምክንያቱን ፊት ለፊት ይናገር፤ የወሰደውን ይመልስ፤ መልእክት መላኩንም ይተው።

ዓመታት አልፈው፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው፣ ወዳጅነት በራሱ ጊዜ ቢመጣ ማን ይጠላል? የምቃወመው በተለያዩበት ዕለት እንደ ዕዳ መጠየቁን ነው። ከሁሉ ይልቅ የማዝነው በጋራ ጓደኞች ነው፤ «ሰው ምን ይላል» እያሉ፣ ቁስሏ ያልሻረውን ልጅ ከእሱ ጋር አንድ ረከቦት ዙሪያ ያስቀምጧታል፤ እስከ በረካ ድረስ ፈገግ እንድትልም ይጠብቃሉ። ለጊዜው ቡናውን ለየብቻ አፍሉላቸው።